አጥር ወይስ መሻገሪያ? ባቡሩ፣ ግመሉና የአፍደም ሰው

መግቢያ

የመንገድ ደህንነት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የአዲስ አበባ አደባባይ፣ ሲኖትራክና ሚኒባስ ነው። በክፍል ውስጥም "ኢንተርሴክሽን" ስንባል ወረቀታችን ላይ የምንስለው ሁለት አስፋልት መንገዶች ሲቋረጡ ነው። ነገር ግን ነገሩን ከሥሩ ካየነው መጋጠሚያ ማለት ሁለት ተጓዦች አንድን ቦታ በአንድ ጊዜ የሚፈልጉበት ስፍራ ነው። አንደኛው ተጓዥ ባቡር፣ ሁለተኛው ደግሞ የግመል መንጋ ሊሆን ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ስለዚህ ዓይነቱ መጋጠሚያ ነው። ቦታው በሶማሌ ክልል፣ ቀድሞ ሽኒሌ ይባል በነበረው ሲቲ ዞን፣ በሚኤሶና በድሬዳዋ መካከል የምትገኘው አፍደም ናት። አዲሱ የአዲስ አበባ – ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በአርብቶ አደሩ የግጦሽና የውሃ መንገድ ላይ ያልፋል። ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ እንስሳት መግጨቱ ከመስመሩ ዋና ዋና ችግሮች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ይህ በአፍደም ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ከአዋሽ እስከ ደወሌ ባለው ቆላ ሁሉ ያለ ነው። አፍደምን የመረጥነው ጣቢያም፣ ከተማም፣ የግጦሽ መሬትም በአንድ ላይ ስለሚገኙባት ነው።

ክርክሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ባለሥልጣኑ "አጥሩን አትንኩ፣ ከብቶቻችሁን ጠብቁ" ይላል፤ ነዋሪው ደግሞ "በየት እንለፍ?" ይላል። ሁለቱም ስለ ደህንነት እያወሩ ነው፣ ግን አይደማመጡም። ለምን? ለማየት እንሞክር።

1. ሀዲዱ እና አፍደም

አፍደም ለባቡር አዲስ አይደለችም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ከሰጡ በኋላ ግንባታው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከብዙ የገንዘብና የፖለቲካ ችግር በኋላም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ በሚወስደው ክፍል ኤረር፣ ጎታ፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ ሚኤሶ እየተባለ ጣቢያዎች ተተከሉ። ብዙዎቹ ከተሞች ያደጉት በጣቢያው ዙሪያ ነው። ድሬዳዋ ራሷ የሀዲዱ ልጅ ናት፤ "ሽማንደፈር" የሚለው ቃልም እስካሁን በሽማግሌዎች አፍ ላይ አለ።

የድሮው ባቡር ጠባብ ሀዲድ ያለው፣ ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣ፣ ብዙ ቦታ የሚቆም ነበር። ከርቀት ድምፁ ይሰማል፣ ጭሱ ይታያል። አደጋ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ ባቡር በድልድይ ጥምዝ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በመግባቱ ከሀዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እጅግ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ፍጥነት ምን እንደሚያስከፍል ይህ መስመር ያውቀዋል።

አሮጌው መስመር በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል አገልግሎት ካቆመ በኋላ አዲሱ ተተካ። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን (አፍደምን የሚያካትተውን) ሌላ የቻይና ኩባንያ ገነቡት። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ በጠቅላላው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከአዳማ ወዲያ ያለው ነጠላ ሀዲድ ነው። ለመንገደኛ ባቡር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር፣ ለጭነት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ታስቦ የተሠራ ነው። ኃይሉን ከላይ ከተዘረጋ 25 ሺህ ቮልት ሽቦ ይወስዳል። ጭስ የለውም፤ ድምፁም እንደ ድሮው አይደለም።

እንግዲህ ለእረኛው የተለወጠው ነገር ይህ ነው። አባቱ የሚያውቀው ባቡር ቀርፋፋና ጯሂ ነበር፤ እሱ የሚያገኘው ግን ፈጣንና ዝምተኛ ነው። መንገዱ የጥንቱ፣ ባቡሩ የዛሬ ነው።

2. ችግሩ በቁጥር

ባለሥልጣኑ "እረኛው ባቡር ሲመጣ ለምን አይጠብቅም?" ይላል። ነዋሪው ደግሞ "ነጂው ከብት ሲያይ ለምን አያቆምም?" ይላል። ሁለቱም ጥያቄ በሂሳብ ሊመለስ ይችላል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የወሰድናቸው እንጂ በቦታው የተለኩ አይደሉም፤ ማንም ተማሪ በካልኩሌተር ሊደግማቸው ይችላል።

ሀ) ባቡሩ ለመቆም ምን ያህል ይፈልጋል?

80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት በሴኮንድ 22.2 ሜትር ነው። ከባድ የጭነት ባቡር ፍጥነቱን በሴኮንድ በ0.3 ሜትር በሴኮንድ ይቀንሳል ብንል፣ የፍጥነቱን ካሬ ለ0.6 ስናካፍል 820 ሜትር ገደማ ይመጣል። ነጂው አይቶ እስኪወስንና ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ፉርጎ እስኪደርስ 5 ሴኮንድ ብንጨምር ሌላ 110 ሜትር ነው። በድምሩ ከ900 ሜትር በላይ። ጥምዝ ወይም ቁጥቋጦ ባለበት ቦታ ነጂው ይህን ያህል ርቀት ፈጽሞ ላያይ ይችላል። ስለዚህ "ለምን አላቆመም" ለሚለው መልሱ "አይችልማ" ነው። ነጂውን መስደብ ፋይዳ የለውም።

ፍጥነቱ ወደ 40 ቢወርድስ? በዚያው ስሌት 260 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የማቆሚያው ርቀት ወደ ሩብ ይጠጋል።

ለ) መንጋው ለመሻገር ምን ያህል ይፈልጋል?

50 ግመሎች በአንድ መስመር ተከታትለው ይሄዳሉ እንበል። ለእያንዳንዱ ግመል 5 ሜትር ብንይዝ ሰልፉ 250 ሜትር ነው። አደገኛውን የሀዲድ ስፋት 10 ሜትር ብንጨምር 260 ሜትር። ግመል በዝግታ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ የመጀመሪያው ግመል ሀዲዱን ከረገጠ ጀምሮ የመጨረሻው እስኪወጣ 4 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በ4 ደቂቃ ውስጥ የጭነት ባቡሩ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የመንገደኛው ባቡር 8 ኪሎ ሜትር።

ይህን ልብ በሉልኝ። እረኛው መንጋውን በደህና ለማሻገር ባቡሩ ከ5 ኪሎ ሜትር ውጭ መሆኑን ማወቅ አለበት። 5 ኪሎ ሜትር በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ሲጀምር ሀዲዱ ባዶ ነበር፤ መሃል ላይ ሲደርስ ባቡሩ መጣ። መንጋውን መሃል ላይ መቁረጥ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ግልገሉ እናቱን ይከተላል። "ለምን አልጠበቀም" ለሚለውም መልሱ "ጠብቆ ነበር" ሊሆን ይችላል።

ሐ) የማቋረጫው ስፋት

አሁን መንጋው በአንድ መስመር ሳይሆን አምስት አምስት ሆኖ ጎን ለጎን ይሻገር። ሰልፉ 50 ሜትር፣ ከሀዲዱ ጋር 60 ሜትር ይሆናል። ጊዜው ከአንድ ደቂቃ በታች ይወርዳል፤ ባቡሩም በዚያ ጊዜ የሚጓዘው 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ጠባብ በር (ወይም በአጥር ላይ በጉጠት የተቆረጠ ቀዳዳ) አደጋውን በአራት እጥፍ ያበዛዋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በስብሰባ ላይ "መሻገሪያ ይሰጠን" ሲባል የሚታሰበው አንድ በር ነው። በሩ ምን ያህል ይስፋ የሚለው ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

3. የሁለት ወገን ክርክር

የባለሥልጣኑ ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ሀዲዱ ነጠላ በመሆኑ አንድ ባቡር አፍደም ላይ ቢቆም ከኋላውም ከፊቱም ያለው ሁሉ ይቆማል። ግመል ከ400 እስከ 600 ኪሎ ይመዝናል፤ በፍጥነት የሚመጣ ሎኮሞቲቭ ሲመታው የብረቱም አካል ይጎዳል፣ ከሀዲድ የመውጣት አደጋም አለ። ነጂዎች ይህን ፈርተው ፍጥነት ሲቀንሱ መስመሩ የታቀደለትን ያህል መጫን አይችልም። በዚያ ላይ አጥር ይቆረጣል፣ ብረት ይሰረቃል። ካሳው ከገበያ ዋጋ ከፍ ካለ ደግሞ ደካማ እንስሳ ሆን ተብሎ ወደ ሀዲዱ ይነዳል የሚል ስጋትም አለ።

የነዋሪውም ክርክር ቀላል አይደለም። የአካባቢው ሰው፣ በአብዛኛው የሶማሌ ኢሳ አርብቶ አደር፣ ኑሮው በዝናብ ወቅት የተከፋፈለ ነው፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት "ድራዕ"፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም "ከረን"፣ ከዚያም ረጅሙ ደረቅ ወቅት "ጂላል"። ከብቱ እንደ ወቅቱ ከተራራ ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ ውሃ ይንቀሳቀሳል። ሀዲዱ ይህን እንቅስቃሴ ለሁለት ይከፍለዋል። ውሃው በአንድ ወገን፣ ሣሩ በሌላ ወገን ከሆነ መሻገር ምርጫ አይደለም፤ መኖር ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ሲቲ ዞን ነበር። ከዚያ የተረፈች ግመል ስትሞት የሚሞተው አንድ እንስሳ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ካሳ አንድ ነገር እንበል። ሴት ግመል የመጀመሪያ ግልገሏን የምትወልደው 5 ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። እርግዝናዋ 13 ወር ያህል ነው፤ በአብዛኛው በሁለት ዓመት አንዴ ትወልዳለች፤ ወተት ግን ከአንድ ዓመት በላይ ትሰጣለች። እንግዲህ የምትታለብ ግመል ስትገጭ ቤተሰቡ የሚያጣው የዛሬ ወተትና የሚቀጥሉትን ዓመታት ግልገሎች ነው። ገንዘቡ ከስድስት ወር ምልልስ በኋላ ቢመጣ፣ ያንን የምታህል ግመል ገበያ ላይ መኖሯም አይታወቅም። ስለዚህ "ካሳ ከፍለናል" የሚለው መልስ ለባለ ግመሉ መልስ አይሆንለትም።

ልብ ካልን ሁለቱም ወገን ካሳን አይወደውም። ባለሥልጣኑ ወጪ ስለሆነበት፣ ነዋሪው ስለማይበቃው። ታዲያ ሁልጊዜ ስብሰባው ስለ ካሳ መጠን የሚሆነው ለምንድነው? ምክንያቱ ካሳ የሚነሳው አደጋ ሲደርስ በመሆኑ ነው። ስብሰባ የሚጠራውም ያኔ ነው። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚባለው ይህ ነው።

4. ሕጉስ ምን ይላል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን ያወሳስበዋል እንጂ አያቀልለውም። አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። አንቀጽ 2081 ደግሞ የማሽንና የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መሣሪያው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ግመሉ ባቡሩን ቢያበላሽ ባለ ግመሉ፣ ባቡሩ ግመሉን ቢገድል ባለ ባቡሩ! ከዚህ በላይ አንቀጽ 2086 ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የመጣ ከሆነ ኃላፊነቱ ሊቀር ወይም ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። ባቡር በየትኛው ሥር ይወድቃል የሚለው ለሕግ ባለሙያ እንተወው። ለእኛ የሚበቃን ነጥብ ይህ ነው፦ ሁሉም ነገር የሚዞረው "ጥፋቱ የማን ነው?" በሚለው ላይ ነው። በቂ መሻገሪያ በሌለበት ቦታ መሻገር ጥፋት ነው ወይ?

ሕገ መንግሥቱ (1987 ዓ.ም.) ወደ መልሱ ያስጠጋናል። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ የሚጠቀሙበትን መሬት በነፃ የማግኘት፣ የመጠቀምና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ዜጎች የእነሱን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከመሬቱ ያልተፈናቀለ ሰው ወደ መሬቱ የሚወስደው መንገድ ከተቆረጠበት ምን ቀረለት? ማማከር የሚባለውም ከግንባታ በኋላ የሚደረግ "የግንዛቤ ማስጨበጫ" ብቻ ሊሆን አይገባም።

ሌላም ሕግ አለ። የኢሳ ማኅበረሰብ "ሔር ኢሴ" የሚባል በቃል የሚተላለፍ ባህላዊ ሕግ አለው፤ በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በሶማሌ ባህላዊ ሕግ ካሳ በግመል ይቆጠራል፤ ለሰው ሕይወት 100 ግመል የሚለው የታወቀ ነው። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገሩን እስኪጨርሱ ይነጋገራሉ። ይህን ያነሳነው ለጌጥ አይደለም። የአፍደም ሰው ጉዳትን መዝኖ፣ ተጠያቂውን ለይቶ፣ ተስማምቶ የመጨረስ የቆየ ልምድ አለው ለማለት ነው። "ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም" የሚለው የተለመደ የሪፖርት አነጋገር እዚህ አይሠራም።

5. ከሌላ ቦታ ምን እንማራለን?

በመጀመሪያ ከአዲስ አበባ። ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በመሬት ላይ የሚሄደው ክፍል በአጥር ተከልሎ መንገዱን ለሁለት ከፈለው። ማዶ ያለውን ሱቅ ለመድረስ ረጅም ርቀት መዞር የመጣባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። ውጤቱን ሁላችንም አይተናል፦ በአጥሩ የሚዘሉ ሰዎች። የአዲስ አበባ ነዋሪ ግንዛቤ አጥቶ አይደለም፤ መሻገሪያው ሩቅ ስለሆነ ነው። በየግቢያችንም እንዲሁ ነው። ከዶርም ወደ ካፌ ሣሩን አቋርጦ የሚሄደውን ቀጭን መንገድ ማን ሠራው? "ሣሩን አትርገጡ" የሚለው ታፔላ አላቆመውም።

ሁለተኛው ከለገሃር፣ ማለትም ከዚሁ የአሮጌ ባቡር መናኸሪያ ፊት። በ2009 ዓ.ም. ገደማ የከተማው አስተዳደር ከዓለም አቀፍ የመንገድ ዲዛይን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የለገሃርን ሰፊ መጋጠሚያ በቀለምና በጊዜያዊ ቁሳቁስ ብቻ ለወጠው። ለእግረኛ የሚሆን ቦታ ተከለለ፣ መኪናው የሚታጠፍበት ጠበበ። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ተሞከረ፣ ታየ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ማሻሻያ ሁሉ ቢሊዮን አይጠይቅም፤ መጀመሪያ በርካሽ መሞከር ይቻላል።

ሦስተኛው ከጎረቤታችን ከኬንያ። በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው የሞምባሳ – ናይሮቢ ባቡር በጻቮ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያልፋል። እዚያ ለዝሆኖች ተብሎ ከሀዲዱ ስር ከፍ ያሉ መተላለፊያዎች ተሠርተዋል፤ ዝሆኖቹም ይጠቀሙባቸዋል። ዝሆን ካለፈ ግመል ለማለፍ ምን ያግደዋል? ልዩነቱ የቴክኒክ ሳይሆን የአጀንዳ ነው፤ ስለ ዝሆኑ የሚጮኽለት ብዙ ነው።

አራተኛው ከህንድ። የህንድ ባቡር በሺህ የሚቆጠሩ ጠባቂ የሌላቸው ማቋረጫዎች ነበሩት። በሰፊው ሀዲድ መስመር ላይ ያሉትን እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ጨርሶ አስወገደ። አንዳንዱን ዘጋ፣ አንዳንዱን በሌላ መሻገሪያ ተካ፣ አንዳንዱን በስር አሳለፈ፣ ለቀረው ጠባቂ ቀጠረ። አንድ ዓይነት መፍትሔ ለሁሉም ቦታ አልተሰጠም።

6. ምን ይደረግ?

ከላይ ያልነውን ይዘን እንደ ቅደም ተከተል የሚከተለውን ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ ካርታ። የከብቱ መንገድ የት እንደሆነ የሚያውቀው እረኛው ነው። ከሽማግሌዎችና ከወጣት እረኞች ጋር በእግር ሄዶ፣ በድራዕ፣ በከረንና በጂላል ለየብቻ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሴቶችን መርሳት አይገባም፤ ፍየሉንና በጉን በቅርብ የሚጠብቁት፣ ውሃ የሚቀዱትም በአብዛኛው እነሱና ልጆች ናቸው። አደጋ የደረሰባቸው ቦታዎችም በዚያው ካርታ ላይ ይቀመጡ። ሁለቱ ነጥቦች የሚገጣጠሙበት ቦታ የመጀመሪያው ሥራ ቦታ ነው።

ሁለተኛ፣ ያለውን መጠቀም። ሀዲዱ በደረቅ ወንዞች ላይ በድልድይ ያልፋል። ከነዚህ መካከል ግመል ከነጭነቱ የሚያሳልፍ ከፍታ ያላቸውን መለየት፣ ደለሉንና ድንጋዩን መጥረግ ርካሽ ሥራ ነው። ግመል እስከ ሻኛው 2 ሜትር ያህል ነው፤ በላዩ የቤት ምሰሶና ሰሌን (አቃል) ሲጫን ግን ከፍታውም ስፋቱም ይጨምራል። ለውሃ ማሳለፊያ የተሠራ ጠባብ ቱቦ ለፍየል ሊሆን ይችላል፤ ለግመል አይሆንም። ደግሞም ጎርፍ በሚወርድበት ወቅት የወንዝ መተላለፊያ ብቻውን አይታመንም።

ሦስተኛ፣ አጥር ከመሻገሪያ ጋር። አጥር ያስፈልጋል። ጥቅሙ ግን መከልከል ብቻ ሳይሆን ከብቱን ወደ ደህናው መሻገሪያ መምራት ነው። መሻገሪያ የሌለው አጥር ይቆረጣል፤ የተቆረጠ አጥር ደግሞ ካልታጠረ ይብሳል፣ ምክንያቱም ከብቱን በጠባብ ቀዳዳ አንድ በአንድ ያሳልፈዋል። ሂሳቡን በክፍል 2 አይተነዋል።

አራተኛ፣ ጠባቂ ያለው ሰፊ በር። በስር ማሳለፍ በማይቻልበት ሜዳ ላይ፣ በተለይ ለከተማው ቅርብ በሆነው ቦታ፣ ሰፊ በር አበጅቶ ከአካባቢው ሰው ጠባቂ መቅጠር ይቻላል። አፍደም ጣቢያ አላት። ባቡሩ ከአጎራባች ጣቢያ ሲነሳ ጣቢያው ያውቃል። ይህ መረጃ በስልክ ወይም በሬዲዮ ወደ በሩ ጠባቂ ቢደርስ፣ እረኛው በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን 5 ኪሎ ሜትር ጠባቂው ያውቅለታል። ጠባቂው ሶማሊኛ የሚናገር፣ እረኞቹ የሚያውቁት ቢሆን ይመረጣል።

አምስተኛ፣ ፍጥነት። መሻገሪያው እስኪሠራ ድረስ በታወቁ ቦታዎችና በታወቁ ሰዓቶች (ለምሳሌ ከብቱ ወደ ውሃ በሚወርድበት ጊዜ) ፍጥነት መቀነስ። በመስመሩ ሁሉ ላይ በፍርሃት ከመንቀርፈፍ በጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ በዕቅድ መቀነስ ለኩባንያውም ይሻላል።

ስድስተኛ፣ የካሳ ሥርዓት። መሻገሪያ ቢኖርም አደጋ ይኖራል። ስለዚህ ዋጋው አስቀድሞ በዕድሜና በጾታ የተወሰነ፣ ቀነ ገደብ ያለው፣ የአገር ሽማግሌ፣ የወረዳውና የባቡሩ ተወካይ አብረው የሚያጣሩት ካሳ ይኑር። ሆን ብሎ የሚነዳ ካለም ከሩቅ መሥሪያ ቤት ይልቅ ሽማግሌው ይለየዋል።

ወጪው የማን ነው? ክርክሩ እዚህ ላይ እንደሚጠብቅ ግልጽ ነው። ባቡሩ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት ንብረት ነው፤ መሬቱ የክልሉ አስተዳደር ነው፤ ከብቱ የግለሰብ ነው። ከግንቦት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የመስመሩ ሥራ ከቻይና ኩባንያዎች ወደ ራሳችንና ወደ ጅቡቲ ባለሙያዎች እጅ ተላልፏል። እንግዲህ "ኮንትራክተሩ ነው" የሚባልበት ጊዜ አልፏል። መነጋገር ያለባቸው ሰዎች በአንድ ቋንቋ ባይሆን እንኳ በአንድ አገር ያሉ ናቸው።

ማጠቃለያ

ከላይ ያየነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመራል። የአፍደሙ ክርክር በአጥርና በካሳ መካከል እስከቆየ ድረስ መፍትሔ የለውም። አጥር ብቻውን መንገዱን ይዘጋል፣ ካሳ ብቻውን ከሞት በኋላ ይመጣል። በመካከላቸው የጎደለው መሻገሪያ ነው። መሻገሪያው ደግሞ ከብቱ አሁን በሚሄድበት ቦታ፣ ከብቱን በሚመጥን ስፋትና ከፍታ፣ ከባቡሩ መምጣት ጋር በተያያዘ መረጃ መሠራት አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኼ ነው።

ለትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችም አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የምትፈልጉ ብዙ ናችሁ። ከአንድ ጣቢያ ግራና ቀኝ 10 ኪሎ ሜትር በእግር ሄዶ የመሻገሪያ ካርታ መሥራት፣ የድልድዮችን ከፍታ መለካት፣ የመንጋውን የመሻገሪያ ጊዜ በሰዓት መያዝ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በዚህ ጽሑፍ ላይ በግምት ያስቀመጥናቸው 5 ሜትር፣ 4 ኪሎ ሜትርና 4 ደቂቃ በእውነተኛ ልኬት ቢተኩ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ባለሥልጣኑም ሽማግሌውም ፊታቸው ላይ የሚያስቀምጡት አንድ ወረቀት ይኖራቸዋል። ያኔ ክርክሩ "ጥፋቱ የማን ነው?" ከሚለው ወጥቶ "በሩ የት ይሁን፣ ምን ያህል ይስፋ?" ወደሚለው ይገባል።